ታይሚንግ በጆሮ፣ በአምፖል ወይስ በስትሮብ? ጎንደር ላይ አሮጌ ሞተር ለሚነዳ ሰው

ከአዘዞ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ለአሮጌ መኪና ፈተና ነው። ሜዳው ላይ ደህና ስትሮጥ የነበረች መኪና ዳገቱ ሲጀምር አራተኛ ማርሽ ይከብዳታል፤ ወደ ሦስተኛ ትወርዳለች፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ያስጮኻል። የእኔዋ ባለካርቡራተር ኮሮላ እንዲህ ስታደርገኝ ከረመች። የጠየቅሁት ሁሉ «አርጅታለች፤ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። አንዱ የፒስተን ፋሻ ይቀየርላት አለ። ሌላው ካርቡራተሩን ጥለህ ሌላ ግዛ አለ። ሦስተኛው ይባስ ብሎ ሞተሩን በሙሉ አውርደው አለኝ። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያድለውን ዲስትሪቢዩተር አንቆ የያዘች አንዲት ብሎን ጋ ነው፤ ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት፣ መሆን ከሚገባው ስምንት ዲግሪ ያህል ዘግይቶ ታስሮ ኖሯል። ማን እንዳሰረው አውቃለሁ፤ ጋራዡን ግን አልጠራውም፤ ሰውየው ጆሮውን አምኖ የሠራው ነው፤ ስለ ጆሮ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ታይሚንግ የሚስተካከልባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ በራሴም በጎረቤቶቼም መኪና ላይ ሞክሬያለሁ። የትኛው ለማን እንደሚሆን የደረስኩበትን እነሆ። ጽሑፉ ቤንዚን ለሚጠጣ፣ ካርቡራተርና ዲስትሪቢዩተር ላለው ሞተር ነው፤ ለድሮ ኮሮላ፣ ለላዳ፣ ለፔጆ፣ ለቮልስዋገን። መኪናችሁ ኢንጄክሽን ከሆነች ይህን አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሯ ራሱ ይሠራዋል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው።

ታይሚንግ ስንል

ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ የሚገፋ ሰው ልጁ ወደ እሱ እየመጣ ሳለ ቢገፋው እጁን ይመታዋል፤ ርቆ ከሄደ በኋላ ቢገፋው ደግሞ ግፊቱ ባዶ ነው። ካንዴላውም እንዲሁ ነው። ቤንዚንና አየሩ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መምጣት አለበት። የግፊቱ ጉልበት ከሁሉ የሚበረታው ፒስተኑ ጫፍ አልፎ እሱ የሚያዞረው ክራንክ 15 ዲግሪ ገደማ ከዞረ በኋላ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ብልጭታው ከዘገየ እሳቱ ፒስተኑን መግፋቱን ትቶ በማርሚታው ይወጣል፦ ሞተሩ ይግላል፣ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል። ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑ ወደ ላይ እየመጣ ሳለ ይመታዋል፤ ብረት ምጣድ ላይ እንደሚንቀጫቀጭ ቆሎ ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ ድምፅ ብዙ ከቆየ ፒስተን ይበሳል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይበላል።

አሮጌው ዲስትሪቢዩተር ይህን ቅድሚያ በሦስት መንገድ ነው የሚሰጠው። አንደኛው እኛ በእጃችን አዙረን የምናስረው ነው። ሁለተኛው ውስጡ ያሉት ሁለት ክብደቶች ናቸው፤ ሞተሩ ሲፈጥን በስፕሪንግ ተይዘው ወደ ውጭ ይወጡና ብልጭታውን ያስቀድማሉ። ሦስተኛው ከጎኑ የተለጠፈችው ክብ ቆርቆሮ ናት፤ በቀጭን ጎማ ቱቦ ከካርቡራተሩ ጋር ተያይዛ ነዳጅ ቀስ ብለን ስንረግጥ ሞተሩ በሚስበው አየር (በቫኪዩም) ተጎትታ ተጨማሪ ቅድሚያ ትሰጣለች። የነዳጅ ቁጠባው አብዛኛው ያለው በዚች በሦስተኛዋ ነው። ሰው የማያያትም እሷኑ ነው።

ጎንደር ከፍ ማለቷ ምን አመጣ

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ገደማ ይፈላል፤ ሽምብራ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ የሚያገኘው አየር ከአምስት እጅ አንድ እጁ ጎድሏል። በወረቀት 60 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ፒያሳ ላይ 50 እንኳ አይሞላም። ይህን የትኛውም መካኒክ አይመልስልንም።

መመለስ የሚቻለው ሌላው ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ወደ አሥር በመቶ ያህል ይወፍራል። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርሰው ተብሎ የተሠራው እዚህ ወደ 13.2 ይወርዳል። ካንዴላ ስትፈቱ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በሳሳ አየር እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ብልጭታው ከፋብሪካው ቁጥር ትንሽ መቅደም አለበት። ሦስተኛ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለቀነሰ የመንቀጫቀጥ አደጋውም ቀንሷል፤ በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ማደያዎች መንቀጫቀጥን የመቋቋም አቅሙ ዝቅ ያለ 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጡት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ማስቀደም ያስፈልጋል፣ ለማስቀደምም ቦታ አለ።

አራተኛው ነገር ብዙዎችን ያመለጠ ይመስለኛል። ከፍታ ላይ መኪናዋን በዚያው ፍጥነት ለመንዳት ነዳጁን ይበልጥ መርገጥ ግድ ይላል። ይበልጥ ሲረገጥ ሞተሩ የሚስበው ቫኪዩም ይዳከማል። ስለዚህ ያቺ ክብ ቆርቆሮ ተጨማሪ ቅድሚያ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ጭራሽ ከወትሮዋ ያነሰ ትሰጣለች። ቶዮታ ይህን ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ገበያ በሠራቸው ባለካርቡራተር መኪኖች ላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ሲያልፉ አየር የሚጨምርና ታይሚንጉን የሚያስቀድም መሣሪያ ይገጥም ነበር። ያ መሣሪያ በሌላት መኪና ሥራው የእኛ ነው።

ከምርጫው በፊት

የሚከተሉት ካልተነኩ የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ልፋቱ ከንቱ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳውን የኮንታክቱን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ቆርቆሮ) ለኩ፤ ለአብዛኞቹ የድሮ ቶዮታና ላዳ ሞተሮች ከ0.40 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ኮንታክቱን የሚከፍተው ፋይበር እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ታይሚንጉም ማንም ሳይነካው እየዘገየ ይሄዳል። ክፍተት ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ታይሚንግ ይከተላል፤ ተገላቢጦሽ ከሠራችሁት ሁለት ጊዜ መሥራታችሁ ነው።

ከዚያ የቫኪዩሟን ቱቦ ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ በአፋችሁ ሳቡ። ክዳኑ ተከፍቶ ከሆነ የውስጡ ሳህን ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ ምላሳችሁን ቱቦው ላይ ስታደርጉም መልሶ መሳብ አለበት። አየር ዝም ብሎ የሚገባ ከሆነ ውስጧ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል። ከተቀደደ ሌላው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ሜዳ ላይ የምትቆጥቡትን ቤንዚን እያፈሰሳችሁ ነው። የጎረቤቴ ላዳ ቱቦው ጭራሽ አልነበራትም፤ አንዱ ሰው ነቅሎ አፉን በብሎን ደፍኖታል።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት አውጥተው የጣሉ ሰዎች ደግሞ በከተማችን ብዙ ናቸው። «ሞተር ያሞቃል» ይላሉ። ጎንደር ብርድ ናት፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከቀበሌ 18 ፒያሳ እስኪደርስ ሳይሞቅ ይቀራል፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቤንዚን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። መልሱት። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የቫልቭ ክፍተት፣ የአየር ማጣሪያ እንኳን ለጎንደር ለየትም ያው ስለሆኑ አልደክምባቸውም።

በአምፖል፦ የፋብሪካውን ምልክት መከተል

ገንዘብ የማያስወጣ መንገድ ነው። ከፍሬቻ የወጣ 12 ቮልት አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃል። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትታችሁ ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ሞተሩን በብሎን መፍቻ በእጅ አዙሩ፤ አየሩ ጣታችሁን ሲገፋው ፒስተኑ ለመጭመቅ እየመጣ ነው ማለት ነው። ከክራንኩ ፑሊ ላይ ያለው ጭረት ፋብሪካው ካዘዘው ቁጥር ጋር ሲገጥም አቁሙ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚያጎላው ቦቢና ላይ ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር እሰሩ። ቁልፉን ክፈቱ። ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርጋችሁ መጀመሪያ ውስጡ ያለው ሮተር በሚዞርበት አቅጣጫ ወሰድ አድርጉት፤ ከዚያ በተቃራኒው እጅግ በቀስታ መልሱት። ኮንታክቱ በሚከፈትባት ቅጽበት አምፖሉ ይበራል። እዚያው እሰሩ። ቁልፉን ግን ክፍት ትታችሁ ወሬ አትጀምሩ፤ ቦቢናው ይግላል።

ጥሩነቱ ማንም ቤቱ ደጅ ላይ ሊሠራው መቻሉ፣ ሞተሩ ካልነሳ እንኳ መሥራቱ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ቆሞ ስለሚለካ ክብደቶቹ ዝገው ተጣብቀው እንደሆነ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ እየተወዛወዘ እንደሆነ አያሳይም። የምታስሩትም የፋብሪካውን ቁጥር ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ ጎንደርን አያውቃትም።

ቁጥሩን ለጎንደር ለማስተካከል የፑሊውን ዙሪያ በክር ለኩት። ለምሳሌ ዙሪያው 44 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሦስት ዲግሪ ለመጨመር ከፋብሪካው ምልክት 3.6 ሚሊ ሜትር የሚርቅ ሌላ ጭረት በነጭ ቀለም ታደርጋላችሁ። በዲስትሪቢዩተሩ ላይ ከለካችሁ ግን አስታውሱ፦ እሱ የሚዞረው በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት ነው፤ እሱን አንድ ዲግሪ ማዞር ለሞተሩ ሁለት ዲግሪ ነው። በዓይን ግምት ትንሽ ነካ የተደረገ ዲስትሪቢዩተር ስድስት ስምንት ዲግሪ የሚስተው ለዚህ ነው።

በጆሮ

ጋራዥ ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ በተለመደው መንገድ ሲሠራ ግን ስህተት ነው። መካኒኩ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ እያስነሳ ዲስትሪቢዩተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ሲፈጥንና ሲረጋ «እዚህ ነው» ብሎ ያስራል። ችግሩ ሞተር በሚኒሞ ላይ ጭነት የለበትም፤ ቅድሚያ በጨመራችሁለት ቁጥር ደስ እያለው ይፈጥናል። እዚያ የወደደው ቁጥር ዳገት ላይ ሲጫን ያንቀጫቅጠዋል። ሰውየውም ይህን በልምድ ስለሚያውቅ «ትንሽ ልመልሰው» ይልና ያዘገየዋል። ያቺ ትንሽ ስንት እንደሆነች ግን የሚለካት የለም። የእኔዋ ስምንት ዲግሪ የመጣችው ከዚያ ይመስለኛል።

ጆሮ ግን ቦታው ላይ ከዋለ ከማንኛውም መሣሪያ አይተናነስም። ቦታው ዳገት ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ የአዘዞን ዳገት ወይም ወደ ጎሃ የሚወጣውን መንገድ ምረጡ። በሦስተኛ ማርሽ በ35 ወይም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳላችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው እርገጡ። መስኮቱን ክፈቱ፤ ሬዲዮኑን ዝጉ። ቆሎው ጨርሶ ካልተሰማ ሁለት ዲግሪ አስቀድሙና ደግማችሁ ውጡ። ነዳጅ እንደተረገጠ ለአንዲት ቅጽበት ቸክ ቸክ ብሎ ከጠፋ ጫፉን አግኝታችኋል፤ ከዚያች ላይ ሁለት ዲግሪ መልሱና እሰሩ። ዳገቱን ሁሉ ይዞ ከቀጠለ ብዙ አልፋችኋል።

ሞቆ የጠፋ ሞተር ሲነሳ ስታርተሩ ተይዞ የሚንገራገጭ ከሆነ ያም የመቅደም ምልክት ነው። ቀርፋፋ ሆኖ፣ ዳገት ላይ ራዲያተር እያፈላ፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ማርሚታው ውስጥ የሚተኩስ ከሆነ ዘግይቷል። በነገራችን ላይ፣ በታይሚንግ ጥፋት ራዲያተራቸውን ያስበየዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አንዱ ነኝ።

በስትሮብ መብራት

ገንዘብ የማወጣበት አንድ መሣሪያ ምረጥ ብባል ይህን ነው። ሽጉጥ የመሰለ መብራት ነው፤ አንዱ መቆንጠጫ አንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ፣ ሁለቱ ባትሪው ላይ ይታሰራሉ፤ ብልጭታው በመጣ ቁጥር ይበራል፤ የሚሽከረከረው ፑሊ በዓይናችሁ ፊት የቆመ ይመስላል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዘመድ ያለው ሰው ማስገዛት ይችላል። አንዱን ገዝቶ አራት አምስት ጎረቤት ቢጠቀምበት ደግሞ ለየአንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ እዚህ ግባ አይባልም፤ እኛ ሠፈር እንዲያ ነው የሆነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ሞተሩ ይሙቅ። የቫኪዩሟን ቱቦ ነቅላችሁ ጫፏን በብሎን ድፈኑ። ሚኒሞውን ኮፈኑ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ወደተጻፈው ዙር አውርዱ፤ ካልወረደ ክብደቶቹ አስቀድመው ይከፈቱና ውሸት ታነባላችሁ። ፑሊውን በመብራቱ እያያችሁ ዲስትሪቢዩተሩን አዙሩ፣ እሰሩ፣ ካሰራችሁ በኋላ ድጋሚ ተመልከቱ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ መንሸራተት ልማዱ ነው። ጠዋት በብርድ የምትሠሩ ከሆነ ጋቢያችሁን አውልቁ፤ ቬንቲላተሩ ጋቢ አይምርም።

ዋናው ጥቅሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱን ፑሊው ላይ እንዳደረጋችሁ ሞተሩን ቀስ በቀስ ወደ 3,000 ዙር አድርሱ። ጭረቱ በእርጋታ እየቀደመ መሄድ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ክብደቶቹ ተጣብቀዋል፤ ዲስትሪቢዩተሩን ፈትቶ በናፍጣ ማጠብና አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት መስጠት ነው። ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚዘል ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ የሚይዘው ቡሽ አልቋል። አምፖሉም ጆሮውም ይህን አይነግሯችሁም።

የፋብሪካው ቁጥር ላይ ምን ያህል እንጨምር? እኔ ለጎንደር ከሁለት እስከ አራት ዲግሪ እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሞተር ሌላ በሽታ እንዳለበት እጠረጥራለሁ። መብራቱ ቁጥሩን ይሰጣል፣ የአዘዞ ዳገት ያጸድቀዋል።

ቫኪዩም ጌጅ

ይህን የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካ ጌጅ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይወቅ። መጻሕፍቱ ሁሉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል ይላሉ። ያ ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ ጤነኛው ከ10 እስከ 14 ነው። 13 አንብቦ «ቫልቩ ተቃጥሏል» ያለ ሰው አጋጥሞኛል። ጌጁ የቫልቭና የአየር መግቢያ ቀዳዳ ለመፈለግ ይጠቅማል፤ ለታይሚንግ ግን ያው የሚኒሞ ወጥመድ አለበት።

ኮንታክቱን ጥሎ ኤሌክትሮኒክ ማስገባት

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ በኮንታክቱ ቦታ የሚገባ ትንሽ ማግኔት አንባቢ አለ። አንዴ ከገባ ክፍተት መለካት ይቀራል፣ ታይሚንጉ ወር በወር አይንሸራተትም፣ በብርድ ጠዋት ማስነሳቱ ይቀላል። የነዳጅ ቁጠባ ያመጣል ወይ ከተባለ፣ በደንብ የተስተካከለ ኮንታክት ካለው ሞተር ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ የሚታይ አይደለም። ቁጠባው የሚመጣው ኮንታክቱን በየጊዜው ለማይለካ ሰው ነው። እውነቱን ካወራን ደግሞ አብዛኞቻችን አንለካም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮንታክት ሲያጠፋ በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ፣ በክብሪት ሳጥን ካርቶን ውፍረት ገምታችሁ እንኳ ቤት ትገባላችሁ። ኤሌክትሮኒኩ ሲሞት ሞተ ነው፤ መተማ መንገድ ላይ ምትኩን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ካስገባችሁ የድሮውን ኮንታክትና ኮንደንሰር ከሳህናቸው ጋር በጨርቅ ጠቅልላችሁ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አኑሩ። ቦቢናው በተከላካይ ሽቦ በኩል ከ12 ቮልት ያነሰ የሚያገኝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከምን ዓይነት ቦቢና ጋር እንደሚሠራ ሳታጣሩ አትግጠሙ፤ ይቃጠላል።

ታይሚንግ ወይስ ካርቡራተር?

ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ይጠይቃል። መልሴ ታይሚንግ ነው፤ ብሎን ፈትቶ ማሰር ስለሆነና የሚመለስ ስለሆነ። ነገር ግን ጥቁር ካንዴላ በታይሚንግ አይነጣም። የወፈረውን ድብልቅ የሚያቀጥነው ቤንዚኑን የምትሰፍረውን የነሐስ ቀዳዳ፣ ጂግለሯን፣ በጠበበች መቀየር ነው። ላይዋ ላይ 110 ከተጻፈ ቀዳዳዋ 1.10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለጎንደር 105 አካባቢ ይመጣል፤ አሥር በመቶ ቤንዚን ለመቀነስ ቀዳዳው አምስት በመቶ ቢጠብብ ይበቃልና። ሽቦ እየከተቱ የሚያጠብቡ አሉ፤ በግምት የተከተተ ሽቦ ቫልቭ ያቃጥላል፤ አትሞክሩት። ድብልቁን ስታቀጥኑ ደግሞ የመንቀጫቀጥ ጫፉ ይለወጣልና ዳገቱን ድጋሚ መውጣት ግድ ነው።

ማን የቱን ይያዝ

ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ የሚመላለስ ሰው በአምፖል አስሮ በዳገት ቢያጸድቅ ይበቃዋል። ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚያዘወትር ደግሞ ከዚህም ከፍ ስለሚል ለጎንደር ያሰረው እዚያም ይሠራለታል። ባሕር ዳር የሚመላለስም ለውጥ አያስፈልገውም፤ የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከጎንደር በ300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያንሰው።

መተማ የሚወርድ ግን ሌላ ሰው ነው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 700 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ሲሊንደሩን ይብስ ያግለዋል። ጎንደር ላይ ዝም ያለው ሞተር እዚያ ሰሊጥ ተጭኖበት ሲጎትት ቆሎውን ይቆላል። አየሩ ስለወፈረ ድብልቁም ከጎንደሩ ይቀጥናል፤ ጂግለር ያጠበበ ሰው አደጋው እጥፍ ነው። ስለዚህ ለመተማ መንገደኛ ጂግለሩን አትንኩ፣ ስትሮብ ግዙ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ሥር ሁለት ጭረት አድርጉ። የጎረቤቴ ፒካፕ ላይ በሚስቱ የጥፍር ቀለም ነው ያደረግነው፦ ቀዩ ጎንደር፣ ሮዙ መተማ። መተማው የፋብሪካው ቁጥር ነው፤ ጎንደሩ ሦስት ዲግሪ የቀደመው። አይከል ላይ ሻይ ለመጠጣት ሲቆም አንዲት ብሎን ፈትቶ ያዞራል፤ ሲመለስም እዚያው ይመልሳል። መጀመሪያ አይከል ላይ ሲያዩት የሳቁበት ሾፌሮች ነበሩ።

ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ ለማወቅ የነዳጅ ጌጁን አትመኑ። ታንኩን አፉ ድረስ ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ባሕር ዳር ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ከዚያው ማደያ ድጋሚ አፉ ድረስ ሙሉ። ደርሶ መልስ መሆን አለበት፤ መሄጃው በጠቅላላው ቁልቁል፣ መመለሻው ዳገት ስለሆነ ግማሹን ብቻ የለካ ራሱን ያታልላል። በጀሪካን ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚንም ለዚህ ልኬት አይሆንም፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ሰልፉ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። የእኔዋ ኮሮላ ታይሚንጓ ከመስተካከሉ በፊት በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም ነበር፤ ከተስተካከለ በኋላ አሥራ አንድ ተኩል ሰጠችኝ። ጂግለሯን ገና አልነካሁም። ስትሮቡ ጭረቱ አንድ ሁለት ዲግሪ እንደሚዘል አሳይቶኛል፤ ቡሹ አልቋል ማለት ነው፤ ቶርኖ ቤት ሰጥቼ እየጠበቅሁ ነው።